የላይኛው ምንጭ ውሃ

ኸዲጃ ጠርሙሱን ልታጥብ ቡሹን ስትነቅለው ሽታው አፍንጫዋን መታት።

እጇ ባለበት ቀረ። ጠርሙሱን ጠጋ አድርጋ ደግማ አሸተተችው። አልተሳሳተችም፤ የቦኖ ውሃ ሽታ ነው። ቧንቧው በመጣ ቁጥር ከባልዲው የሚነሳው፣ ሻይ ቅጠል እንኳ የማይሸፍነው የክሎሪን ሽታ። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን የሚለው ሌላ ነው፦ «ሐኪም ጋራ፣ ላይኛው ምንጭ»።

ከኋላዋ፣ በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ መሐል፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ዓብዱላሂ በደስታ ይጮኻሉ።

«ምንም? አንድም ጀርም የለበትም?»

«ሳህኑ ላይ የበቀለ ነገር የለም» አሉ ዶክተር ሮማነወርቅ። ክቧን የመስታወት ሳህን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው እያገላበጡ ያዩዋታል። ፊታቸው ላይ ግን ደስታ አልነበረም። «ነገሩ ገርሞኛል። ሜዳ ላይ ያለ፣ አህያ የሚጠጣው ምንጭ እንዲህ ንጹሕ ሲሆን አይቼ አላውቅም። ሌላ ውሃ አስቀድቼ እስክደግመው ድረስ ባይወራ ጥሩ ነው።»

«ዶክተር፣ እኛ እኮ ውሃ ጠፍቶብን ነው ያለነው! ቧንቧው ከተሰበረ ወዲህ ሕዝቡ ሊያልቅ ነው። ዛሬውኑ አስለፍፋለሁ። ሁሉም ከላይኛው ምንጭ ይቅዳ!»

«ኧረ ይቆዩ፣ ጓድ ሊቀመንበር...»

ሰውዬው በሩን አልፈው ወጥተው ነበር።

ጊዜው 1979 ዓ.ም. ነው። ዶክተር ሮማነወርቅ ከዓለማያ ወደ ሐረር የመጡ ተመራማሪ ሲሆኑ፣ የሚያጠኑት ማንም ልብ ብሎት የማያውቀውን ነገር ነበር። ሰውና ከብት የሚወስዱት መድኃኒት፣ በእርሻና በበረት የሚረጨው ኬሚካል መጨረሻው የት ነው? ውሃ ውስጥ ይገባል ወይ? ከገባስ ምን ያደርጋል? የኬሚካሉን ነገር ውሃውን አዲስ አበባ ልከው ነው የሚያስመረምሩት። ጀርሞቹን ግን እዚሁ ያበቅሏቸዋል። ሳህን ላይ የረጋ መረቅ አለ፤ ውሃውን ይቀቡታል፤ ከላዩ በየመድኃኒቱ የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ያስቀምጣሉ። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በማግስቱ በወረቀቱ ዙሪያ ጀርም አይበቅልም፤ ጥርት ያለ ክብ ይታያል። ጀርሙ መድኃኒቱን ለምዶት ከሆነ ግን ክብ የሚባል ነገር የለም፤ ወረቀቱ ሥር ድረስ ይበቅላል።

ዶክተሯ ውሃ የሚቀዱላቸው ተማሪዎች ሲጠይቁ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ቀድመው እጃቸውን ያወጡት ኸዲጃና ጽጌሬዳ ነበሩ። ኸዲጃ ጀጎል ውስጥ ካለ የግቢ ጉድጓድና ከአቦከር ቦኖ ቀዳች። ላይኛው ምንጭ የጽጌሬዳ ሰፈር ስለሆነ ለእሷ ደረሳት። ያን ጊዜ ቧንቧው ገና አልተሰበረም ነበር።

ኸዲጃ ዞር ብላ ጓደኛዋን አየቻት። ጽጌሬዳ መስኮቱን ተደግፋ ቆማለች። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ቶሎ ብላ ወደ ውጭ አየች።

ከትምህርት ቤት እንደ ወትሮው አብረው ወጡ። ጽጌሬዳ ስለ ሒሳብ ፈተናው፣ ስለ አዲሱ የስፖርት አስተማሪ፣ ስለማይረባው ሁሉ ትለፈልፋለች። ዝም ማለት ስትፈራ ነው እንዲህ የምትሆነው። ኸዲጃ ይህን ታውቃለች፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። በዒድ የነኸዲጃ ሐልዋ ለጽጌሬዳ ቤት ይላካል፤ በገና የነጽጌሬዳ ድፎ ዳቦ ለኸዲጃ ቤት ይመጣል።

ወደ ጀጎል የሚያስገባው ፈላና በር ሲደርሱ፣ በግንቡ ጥላ ቲማቲምና ድንች ከሚቸረችሩት ሴቶች ራቅ ብላ ኸዲጃ ቆመች።

«ጽጌ፣ ምንጩ ጋ ሄደሻል?»

«እንዴ! ሄጃለሁ እንጂ።»

«ወላሂ በይ።»

«እኔን ደግሞ ወላሂ በይ ትይኛለሽ?» ጽጌሬዳ ለመሳቅ ሞከረች።

ኸዲጃ አልሳቀችም። «ጠርሙሱን ሳጥበው አሸተትኩት። ቦኖ ቦኖ ይላል።»

«አቦ ተይኝ እባክሽ! ስንት ቀን የተቀመጠ ጠርሙስ አሽትተሽ...»

«ዳገቱ ደክሞሽ ነው? ፎርፈሽ ነው? ንገሪኝ፤ አልቆጣም።»

ጽጌሬዳ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ለአባቴ ብዬ ነው» አለች በመጨረሻ።

የጽጌሬዳ አባት ጋሽ ሳህሉ፣ ከምንጩ በላይ ሐኪም ጋራ ላይ ያለው የመንግሥት የወተት ላሞች እርባታ ኃላፊ ናቸው። ጽጌሬዳ አንዴ ከጀመረች በኋላ ሳታቋርጥ ተናገረች። ባለፈው ክረምት የበረቱ እጣቢ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ተደረመሰ። ከዚያ ወዲህ እጣቢው ሁሉ በቦዩ ቁልቁል ወደ ምንጩ ነው የሚወርደው። የላሞቹ ፋንድያ፣ የመዥገር መርጫው፣ ጡታቸው ታሞ መድኃኒት ከተወጉ ላሞች ታልቦ የሚደፋው ወተት፣ ሁሉም።

«አባቴ ለበላዮቹ ተናግሯል። በጀት የለም አሉት። አሁን በምርመራ ቢገኝ የሚያዘው ማን ይመስልሻል? እነሱ ናቸው? አሻጥር ሠራ ብለው እሱን ነው የሚያስሩት።»

አሻጥር! የዚያን ጊዜ ቃሉ ብቻውን ሰው ያስደነግጥ ነበር። ኸዲጃ በዚህ ቃል ከሥራ ቦታው ተወስዶ ሳይመለስ የቀረ ጎረቤት ነበራት።

«ማንም አይሞትበትም እኮ» አለች ጽጌሬዳ። «ስንት ጊዜ ተጠጥቷል! በእናትሞት፣ ኸዲ፣ ለማንም አትንገሪ።»

ኸዲጃ አፏን ከፍታ ሳትመልስ፣ ከግንቡ ውጭ በድምፅ ማጉያ የሚለፍፍ ሰው ድምፅ መጣ። «የላይኛው ምንጭ ውሃ በሳይንስ ተመርምሮ ንጹሕ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ነዋሪው ያለ ሥጋት እንዲጠቀም...» ቲማቲም ሻጮቹ ሴቶች እልል አሉ።

ሁለቱ ጓደኛሞች ሳይተያዩ ተለያዩ።

ኸዲጃ ቤት ስትደርስ ትንሿ እህቷ ዘሀራ ግቢው ውስጥ በአንድ እግሯ ትዘላለች። ጨዋታ አልነበረም። ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ የቀኝ ጉልበቷ ቁስል እየሰፋ እንጂ እየጠበበ አልመጣም። እናታቸው ሐዋ በየቀኑ ታጥብላታለች፤ ከሱቅ የምትገዛትን ቀይና ቢጫ የቁስል ካፕሱል ከፍታ ዱቄቱን ትነሰንስበታለች። ካፕሱሉ ዱሮ ቢሆን በሁለት በሦስት ቀን ያደርቅ ነበር። አሁን ግን ቁስሉ ስሙንም ሰምቶት የሚያውቅ አይመስልም።

«መጣሽ? ነይ እግሯን ያዢልኝ» አለች ሐዋ።

ውሃ አመላላሹ ሳኒ አህዮቹን እየነዳ ከበሩ ላይ ቆመ። «እትዬ ሐዋ፣ የዛሬው ልዩ ነው! በዶክተር የተመረመረ! እስከ ዛሬም ከዚያው ነበር የማመጣልሽ፤ ይኸው ሳናውቀው ንጹሕ ውሃ ስንጠጣ ኖረናል!»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሐዋ፣ ጀሪካኑን እየተቀበለች። ወዲያው ሳህኑ ላይ ቀዳችና ጨርቅ ነከረችበት።

«እማ፣ ቆይ!» ኸዲጃ ሳህኑን ከእጇ ነጠቀቻት።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ይፍላ። መጀመሪያ ይፍላ።»

«ንጹሕ ነው ተብሎ ተለፍፎ የለም እንዴ? ከሰልስ ከየት መጥቶ?»

«በአላህ ይዤሻለሁ፣ እማ። እኔ አፈላዋለሁ።»

ኸዲጃ ከሰሉን አቀጣጠለችና ድስቱን ጣደች። ጎንበስ ብላ እፍ እያለች፣ ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤቶቿን ድምፅ ሰማች። የነሙሜ እናት ለሕፃኗ ውሃ እየቀዳች ነው። ከዚያ ወዲያ ባለው ቤት ጀሪካን ይንኳኳል፤ አንዷ «ለልብስ አጠባ አታባክኑት፣ ለመጠጥ አድርጉት» ትላለች። የእሷ ቤት ውሃ ይፈላል። የእነሱስ?

ውሃው መንተክተክ ሲጀምር ተነስታ ከጓዳ ባዶ ጠርሙስ ፈልጋ አመጣች። ዶክተር ሮማነወርቅ እንዳሳዩዋቸው ከነቡሹ ድስቱ ውስጥ ከተተችውና ቆማ ሲቀቀል ጠበቀች።

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ የሄደችው ጽጌሬዳ ቤት ነበር። ጽጌሬዳ የትምህርት ቤት ሹራቧን እያጠለቀች በሩን ከፈተች፤ ጠርሙሱንም አየች።

«ልቀዳ ነው» አለች ኸዲጃ።

«ልትነግሪ ነው በይኛ!»

«ያንቺን ስም አልጠራም። ማን ቀዳው ቢሉኝ አልመልስም። ግን አሁን የምወስደው የምንጩን ውሃ ነው።»

«አባቴ ቢታሰርስ?»

ይህን ኸዲጃም ሌሊቱን ሙሉ ስታስበው ነበር ያደረችው። «ከእኔ ጋር ነይ» ብቻ አለች።

ጽጌሬዳ በሩን ዘጋችው። ቢሆንም ኸዲጃ ዳገቱን ያዘች።

ምንጩ ጋ ሰው እንደ ገበያ ቀን ተሰብስቧል። ከሐኪም ጋራ ገጠር የመጡ ሴቶች፣ ከከተማ የወጡ ሠራተኞች፣ አህያ የሚነዱ ውሃ ሻጮች፣ ሁሉም ቀድሞ ለመቅዳት ይጋፋል። ኸዲጃ በሰዎቹ መሐል ሹልክ ብላ ውሃው ከድንጋዩ ወደሚወጣበት ተጠጋች። ከበላይ የሚወርደውን ቦይ ያኔ ነው ያየችው። ሣሩ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል፤ የበረት ሽታ አለው።

«ኸዲጃ! አንቺም ከፈላና በር እዚህ ድረስ መጣሽ?»

ደንግጣ ዞረች። ጋሽ ሳህሉ ናቸው፤ በቦቲ ጫማቸው ቁልቁል እየወረዱ። ሁሌም እንደሚያደርጉት ፈገግ አሉላት።

ውሃ ልወስድ ነው ብትል ይበቃ ነበር። ሁሉም ሰው ውሃ ሊወስድ ነው የመጣው። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ፈገግታቸውን እያየች መናገር አቃታት።

«ለምርመራ ነው፣ ጋሽ ሳህሉ።»

«ተመርምሮ ንጹሕ ነው ተባለ አይደል? ትናንት ሲለፈፍ ሰምቼ እኔ ራሴ...» ቦዩን አየት አድርገው ተዉት። «ገርሞኛል።»

«ያ የተመረመረው የዚህ ምንጭ ውሃ አልነበረም።»

«የዚህ ካልሆነ የየት...» ብለው ጀመሩና ዓይናቸው ጠርሙሱ ላይ አረፈ። ኸዲጃ መሬት መሬት ታያለች። ቃል ገብታለች፤ ስም አልጠራችም። እሳቸው ግን በዚያ ቀን ጠርሙስ ይዛ ከቤት የወጣችው ማን እንደሆነች ያውቃሉ።

ጋሽ ሳህሉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ረጅም ሰው ነበሩ፤ ሲቀመጡ ግን ትንሽ ሆኑ።

«ለኔ ብላ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄን ውሸት አስተማርኳት።»

«እርስዎ ምን አደረጉ?»

«ዝም አልኩ። እኔ ይህን ውሃ አልጠጣም፣ ኸዲጃ። ቤቴም አይገባም። እነሱ ሲጠጡት ግን በየጠዋቱ እያየሁ አልፋለሁ።» ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ በመዳፏ ስትጠጣ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ መንቀል አልቻሉም። ከዚያ ተነሱ። «በሉ፣ አንዴ ገለል በሉላት! ልጅቷ ትቅዳ!»

ኸዲጃ ጎንበስ አለች። ውሃው ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ነበር። ዓይን ብቻውን ምንም አያይበትም።

ዶክተር ሮማነወርቅ ጠርሙሱን ተቀብለው ኸዲጃ የምትለውን እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ሰሟት።

«የመጀመሪያውን ማን ነው የቀዳው?» አሉ።

«እሱን አልናገርም።»

ዶክተሯ ትኩር ብለው አዩዋት። ኸዲጃ ተግሣጽ ጠበቀች።

«እሺ» አሉ ዶክተሯ። «ጥፋቱ የእኔም ነው። እኔ ራሴ ቆሜ ማስቀዳት ነበረብኝ። በይ ነይ፣ አሁን አብረን እንወጣለን። የምርመራ ውሃ አንድ ጊዜ ብቻ ተቀድቶ አይታመንም።»

ያን ቀን አብረው ቀዱ። ሲመለሱ በነኸዲጃ ቤት በኩል አልፈው፣ ዶክተሯ ኸዲጃ ከነገረቻቸው ከማይድነው የዘሀራ ቁስል ላይ ትንሽ ፈሳሽ በጥጥ ወሰዱ። ዘሀራ «አያምም ብለሽኝ ነበር!» እያለች ጮኸችባቸው፤ ዶክተሯ ሳቁ።

በማግስቱ ሳህኖቹ ሲከፈቱ ኸዲጃ አጠገባቸው ነበረች። የምንጩ ሳህን ከዳር እስከ ዳር እንደ እርጎ ሽፋን ነጭ ለብሷል። በካፕሱሉ መድኃኒት የተነከረው ወረቀት ዙሪያ ምንም ክብ አልነበረም። ጀርሞቹ ወረቀቱ ሥር ድረስ፣ እንደሌለ ቆጥረውት በቅለዋል። የዘሀራም ሳህን እንደዚያው ነበር። በሁለቱም ላይ ጥርት ያለ ሰፊ ክብ የሠራው ሌላ መድኃኒት የተቀባ አንድ ወረቀት ብቻ ነው።

«እማ የምትነሰንስባት ዱቄት...»

«አይሠራም» አሉ ዶክተሯ። «ላሞቹ የሚወጉት ከዚያው ዓይነት ነው። መድኃኒቱ ውሃ ውስጥ በትንሽ በትንሹ ሲገባ ጀርሞቹን አይገድላቸውም፤ ያለማምዳቸዋል። ከዚያ የለመዱት ጀርሞች ከውሃው ጋር ሰው ቤት ይገባሉ። ሰው ሲታመም መድኃኒቱን ይወስዳል፤ እነሱ ይስቁበታል።» ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ይህን ስፈልግ ነው የኖርኩት። ብዙ ሰው መድኃኒት ውሃ ውስጥ ገብቶ ምን ያመጣል ብሎኛል። ይኸው!»

በዚያው ቀን ሐዋንና ዘሀራን ይዘው ሐኪም ቤት ሄዱ። ለዘሀራ ሰፊውን ክብ የሠራው መድኃኒት ታዘዘላት።

እሑድ የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ስብሰባ ሲጠራ ተደብቆ የሚቀረው ሰው ሁሉ ዛሬ የውሃ ጉዳይ ነው ሲባል መጥቷል። ጓድ ዓብዱላሂ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጠው ግንባራቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። ንጹሕ ነው ብለው ያስለፈፉት ውሃ ንጹሕ አይደለም መባሉ አንገብግቧቸዋል።

ዶክተር ሮማነወርቅ ሁለቱን ሳህኖች ከፍ አድርገው አሳዩ፤ ነገሩንም ለኸዲጃ ባስረዱበት ቋንቋ አስረዱ። ከኋላ ያሉት ለማየት ወንበር ላይ ወጡ።

«አንድ ጊዜ!» አሉ ሊቀመንበሩ ብድግ ብለው። «ትናንት ንጹሕ፣ ዛሬ መርዝ! ይህ በመንግሥት እርባታ ላይ ጣት መቀሰር ነው። ሁለተኛውን ውሃ የቀዳችው ይህች ልጅ ናት አሉ። ከየት ኩሬ እንደቀዳችው ማን ያውቃል? ተነሺ እስቲ! ማን ላከሽ?»

ኸዲጃ ተነሳች። «ማንም አልላከኝም። ከምንጩ ነው የቀዳሁት፤ ዶክተሯም አብረውኝ ቀድተዋል።»

«የመጀመሪያውስ ከየት ነበር? ማን ነበር የቀዳው? ተናገሪ!»

ኸዲጃ ከንፈሯን ነከሰች። የሰው ሁሉ ዓይን እሷ ላይ ነው። «ውሸታም» የሚል ድምፅ ከአንድ ጥግ ሰማች፤ ፊቷ ጋለ። አሁንም አልተናገረችም።

«የመጀመሪያውን የቀዳሁት እኔ ነኝ።»

ጽጌሬዳ በሩ አጠገብ ቆማለች። ሁሉም እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ከአቦከር ቦኖ ነው የቀዳሁት። ምንጩ ጋ አልሄድኩም። ኸዲጃ እውነቷን ነው።»

ሁካታ ተነሳ። ጋሽ ሳህሉ በዚያ ሁካታ መሐል ወደ ፊት መጡ፤ ልጃቸው አጠገብ ሲደርሱ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጆቹን ይተዉዋቸው። የእርባታው ኃላፊ እኔ ነኝ። እጣቢው ወደ ምንጩ ነው የሚወርደው፤ እኔም ከክረምት ጀምሮ አውቃለሁ። አሻጥር ነው ካላችሁ ይኸው አለሁ። ግን አሻጥር አይደለም። ያጣሁት ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ጠይቄ ስከለከል ደግሞ መጥቼ ለእናንተ መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ።»

ጓድ ዓብዱላሂ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሐዋ ግን ቀደመቻቸው። ዘሀራን አቅፋ ወደ ፊት ወጣች።

«ይህችን ልጅ ያዩዋታል?» አለች። «በዚያ ውሃ ነው ቁስሏን ሳጥብ የከረምኩት። እናቷ ሆኜ በእጄ! አሁን በአዲሱ መድኃኒት፣ ማሻአላህ፣ ቁስሏ መድረቅ ጀምሯል። እኔ ማንም እንዲታሰር አልፈልግም። ውሃው ይጥራልኝ! ሌላ ምንም አልፈልግም!»

«እውነቷን ነው!» አሉ ሴቶቹ በአንድ ድምፅ። «ውሃው ይጥራ!»

«ሲሚንቶ ከሌለ ድንጋይ አለ!» ብሎ ጮኸ ሳኒ ወንበር ላይ ቆሞ። «ሐረር መቼ ድንጋይ ቸግሯት ያውቃል? አህዮቼን በነፃ አምጥቻለሁ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጭብጨባው ሲጀመር ሊቀመንበሩ ሕዝቡን አዩ፤ ጋሽ ሳህሉን አዩ፤ ደግሞ ሕዝቡን አዩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጠረጴዛውን መቱ።

«እንግዲህ፣ እኔም ላቀርብ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር! የቀበሌያችን የልማት ዘመቻ ይሆናል!»

ኸዲጃ ሳቋን በሻሿ ሸፈነች።

ቁፋሮው ሲጀመር ሐኪም ጋራ እንደዚያን ጊዜ በሰው ተሞልቶ አያውቅም። ወንዶቹ አዲሱን የእጣቢ ጉድጓድ ከምንጩ አርቀው፣ ከጋራው በወዲያኛው በኩል ቆፈሩ። ሴቶቹና ተማሪዎቹ ተሰልፈው ድንጋይ ተቀባበሉ። የጀጎል ግንበኞች ድንጋዩን እንደ ቤት ግድግዳ አሳምረው ደረደሩት፤ ሲሚንቶም ከሆነ ቦታ ተገኘ፤ ሊቀመንበሩ ከየት እንዳመጡት ማንም አልጠየቀም። አሮጌው ቦይ ተደፈነ። ምንጩ ዙሪያው ታጥሮ ክዳን ተሠራለት። እስከዚያው ድረስ ውሃው ሳይፈላ እንዳይጠጣ በየቀኑ ተለፈፈ፤ ለፋፊው ያው ሰው ነበር፤ ድምፁ እንኳ አልተለወጠም።

ጋሽ ሳህሉን ማንም አልያዛቸውም። ከበላይ የመጡ ሰዎች ጠየቋቸው፤ ዶክተር ሮማነወርቅ ሳህኖቻቸውን ይዘው አብረዋቸው ቀረቡ፤ የአዲስ አበባውን የኬሚካል ውጤትም ጨመሩበት። ሰዎቹ እጣቢ ጉድጓዱን ከጎበኙ በኋላ ሌሎች እርባታዎችም እንዲህ እንዲሠሩ አዘው ሄዱ።

ክረምቱ ሳይገባ ዶክተሯ ምንጩን ደግመው መረመሩት። በዚያን ቀን ቤተ ሙከራው ውስጥ የክፍሉ ተማሪ በሙሉ ተጠጋግቶ ቆሟል። ሳህኑ ላይ የበቀሉት ጥቂት ነጠብጣቦች ነበሩ፤ በወረቀቱም ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ ወጥቷል። ዶክተር ሮማነወርቅ ሳህኑን ለኸዲጃ ሰጧት። «አንቺ አሳዪያቸው» አሏት። ኸዲጃ ከጭንቅላቷ በላይ ስታነሳው ቤቱ በጩኸት ተናጋ። የባዮሎጂ መምህራቸው እንኳ እልል አሉ።

ጩኸቱ ሲበርድ ዶክተሯ «ገና አልጨረስንም» አሉ። «ከከተማው ወደ ኤረር በሚወርደው መንገድ ሌሎች ምንጮች አሉ። ማንም መርምሯቸው አያውቅም። ሁለት ሰው ያስፈልገኛል፤ አንዷ ኸዲጃ ናት። ሁለተኛውን አንቺ ምረጪ።»

እጆች በየአቅጣጫው ወጡ። «እኔ! ኸዲ፣ እኔ!»

ጽጌሬዳ እጇን አላወጣችም። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ሰው ሁሉ ቢያመሰግናትም፣ እሷ ከኸዲጃ አንድ ዴስክ ኋላ ብቻዋን ነበር የምትቀመጠው። ደብተሮቿን ሰብስባ ወደ በሩ ማምራት ጀምራ ነበር።

ኸዲጃ በልጆቹ መሐል አልፋ በሩ ጋ ደረሰችባት።

«ቅዳሜ ማለዳ እመጣለሁ» አለቻት። «መንገዱ ሩቅ ነው፤ ተነስተሽ ጠብቂኝ።»